ይበላል ወይ ላሉኝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሚያዝያ 20

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት ደርሶብኛል።

ባለፈው በስልክ «ይሄ አይሪስ የምትለው ነገር ይበላል ወይ?» ብለው ሲስቁብኝ መስመሩ ተቋረጠ። አይበላም አባባ፤ ለአበባው ብቻ የሚተከል ነው። እንዲያውም ከብት ቢበላው ይመርዘዋል። እዚህ የሰው ጓሮ የሚግጡት አጋዘኖች እንኳ አይነኩትም።

ሥሩን የሰጡን ጎረቤታችን አሮጊቷ ናቸው። በየሦስት አራት ዓመቱ ሲጨናነቅባቸው ነቅለው፣ ከፋፍለው ለሰው ያድላሉ። የተከልኩት ነሐሴ ላይ ነው፤ እናንተ ጋ አደይ ሊፈነዳ ሲል። አግድም የሚተኛ ወፍራም ሥር ነው። ቢያዩኝ ይቆጡኝ ነበር፤ ጀርባውን አፈር አላለበስኩትም። ጠልቆ ከተቀበረ ቅጠል እንጂ አበባ የለም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። በመካከላቸው አንድ አንድ ክንድ ተውኩ። «ፍግ አድርግበት» ያሉኝን ግን ይቅርታ፣ አላደረግኩም። ፍግ ሲበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገግና ሥሩ ይበሰብሳል። ሽታው ደግሞ ሰፈር ያስለቅቃል አሉ! ውሃ ሲበዛበትም አይወድም። ምን ዓይነት ተክል ነው እንዳይሉኝ ብቻ።

ብርዱን ወራት በረዶ ሲወርድበት፣ ሲቀልጥበት ከረመ። ባለቤቴ «ሞቷል፣ ንቀለው» ስትለኝ ነበር። ብርዱ ግን ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ አያብብም። መጋቢት ላይ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። አሁን አንዱ መሃሉ ወፈር ብሏል። የአበባው አገዳ ውስጡ አለ ማለት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጎንበስ ብዬ እዳብሰዋለሁ። የቀሩት ዘንድሮ ላያብቡ ይችላሉ። አዲስ ተክል የመጀመሪያውን ዓመት ሥር ሲሰድ ያሳልፋል። ቀለሙን እንኳ አላውቅም፤ አሮጊቷ ሐምራዊውንና ቢጫውን ቀላቅለው ነው የሰጡን። የምፈራው በረዶ ነው። እዚህ ግንቦት ውስጥም ጥሎ አገዳ የሚሰብርበት ጊዜ አለ።

አንዱ አበባ ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ደግነቱ አገዳው ላይ ያሉት በየተራ ነው የሚፈነዱት። አንዴ ያበበው ሥር ዳግም አያብብም፤ ለከርሞ የሚያብቡት ከጎኑ ያወጣቸው ልጆቹ ናቸው። «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?» ሊሉኝ ነው። የአጋሮው ቡናዎ አበባስ ስንት ቀን ይቆያል? ሲያብብ ሥራ ትተው፣ ወንበር አውጥተው ሽታውን ሲምጉ የሚውሉት ማን ነበሩ? ያኔ «አበባው ይበላል ወይ?» ብሎ የጠየቀዎት የለም።

ካበበ ፎቶውን በእህቴ ቴሌግራም እልካለሁ። የቡናው አበባ ረግፎ ፍሬ ያዘ? የግፊት ኪኒንዎን አይርሱ። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ