ሳትጽፊ እንዳትነሺ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ሰብልዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ አያትሽ ከፀሐይ አይነሱም። ዳዊት ትናንት ማታ ደውሎ የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። የአዳራሽ ንግግር ልትሰሚ ሄደሽ፣ ጥያቄ ልጠይቅ ብለሽ ማይክ ይዘሽ፣ አዳራሹ እስኪያጉረመርም ተናግረሽ፣ መድረክ መሪው «እህቴ፣ ጥያቄው ምንድን ነው?» ብሎ ማይኩን እንዳስወሰደብሽ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት የትም አልሄድሽም አሉ። ሐሙስ ሐሙስ ከፋርማሲው ወጥተሽ በቀጥታ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ስሰማ ሆዴ ተንሰፈሰፈ። ቆየት ብዬ ግን ተናደድኩ፤ ያናደደኝም መቅረትሽ ነው። መድረክ መሪው ሥራውን ነው የሠራው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አስወስደው ነበር። ስንት ዓመት ወንበር ስደረድርና ማይክ ሳዞር እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ይህን አንድ ነገር ከእኔ ያዢ፦ ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ሳትጽፊ እንዳትነሺ።

ጓደኛሽ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለች እንደምትገፋፋሽ ነግረሽኛል። ተረቱ እውነት ነው፤ ዝም በይ አላልኩሽም። ግን የጥያቄው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ንግግሩ አርባ አምስት ደቂቃ ከሆነ ለጥያቄ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ዘግይቶ ከጀመረ ሃያ ደቂቃም አይሞላ። መድረክ መሪው ጊዜ ለመቆጠብ ሦስት ሦስት ጥያቄ ይሰበስባል። ብዙ ጥያቄ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው ሦስቱን ባንድነት ሲመልስ ቀላሉን ያስረዝማል፣ ከባዱን ይዘለዋል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ እጁ ላይ ባለችው ቁራጭ ወረቀት ላይ የያዘው የገባውን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ያንቺ ጥያቄ እሱ በሦስት አራት ቃል ሊይዘው የሚችል መሆን አለበት። ሁለት ነገር አከታትለሽ ከጠየቅሽ አንዱ ብቻ ይመለስልሻል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ያልጓጓሽለት ይሆናል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስምሽ። ምስጋናውን ተዪው፤ መድረክ መሪው ስለ ሁላችሁም አመስግኗል። ቀጥሎ ተናጋሪው ያለውን ነገር ራሱ ባለበት ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ። ከዚያ ጥያቄው፣ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር። በጠቅላላው ከአርባ ቃል አይብለጥ፤ ረጋ ብለሽ ስታነቢው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ለምሳሌ ስለ ብራና መጻሕፍት የሚናገር ሰው አንዱን አሳይቶ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው» አለ እንበል። እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ «ሰብለ እባላለሁ። ሁለተኛው ምስል ላይ ያሳዩንን ብራና የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብለዋል። ዘመኑን የወሰኑት በፊደሉ አጣጣል ነው ወይስ በውስጡ በተጠቀሰ የንጉሥ ስም?» ሃያ ሁለት ቃል ነው። ተናጋሪው ሊያመልጥ አይችልም፤ ሁለቱ መንገዶች ለየቅል ናቸውና። ገልባጭ ከቀድሞው መጽሐፍ ላይ የንጉሡን ስም እንዳለ ሊገለብጠው ይችላል፤ የፊደሉ አጣጣል ግን የራሱን የገልባጩን ዘመን ያሳብቃል። አየሽ፣ ጥያቄው አጭር ሆኖ ከባድ ነው። ተናጋሪዎች ከንግግሩ በኋላ ፈልገው የሚያናግሩት እንዲህ ያለውን ጠያቂ ነው።

«አስተያየት አለኝ» ብለሽ አትጀምሪ። አስተያየት እንዲሰጡ የተጋበዙ ሰዎች መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል።

መቼ ልጻፈው ካልሽ፣ ንግግሩ እየተካሄደ ነው። ከገጹ ግርጌ አራት ጣት የሚያህል ቦታ በመስመር ለዪ። ያልገባሽን፣ የተጠራጠርሽውን፣ ከሌላ ቦታ ካነበብሽው ጋር የተጋጨብሽን ሁሉ እዚያ ጣይው። ተናጋሪው «ለማጠቃለል» ሲል አንዱን ምረጪና ሙሉውን ጻፊው፤ ሌላውን ሰርዢ። አንዳንዴ ተናጋሪው ራሱ መጨረሻ ላይ ይመልስልሻል፤ ያኔ እጅሽን አታውጪ። ተራሽ ሲደርስ ወረቀቱን እያየሽ አንብቢ፤ ማንበብ አያሳፍርም። ማይኩን ከአፍሽ አራት ጣት አርቀሽ ወደ አገጭሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፤ አታንኳኪው፣ አትንፊበትም። እጅ አውጪ ሲባል ፈጥነሽ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ግቢ፤ በሁለተኛው ዙር ሰው ቦርሳውን ማንሣት ይጀምራል።

ሹራብ ይዘሽ ሂጂ። ዳዊት በቲሸርት ነው የምትዞረው አለኝ። የ6 ኪሎ ማታ የቦሌ ማታ አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ቀንና ሰዓት። ባለፈው ዓመት ጎተ በሩ ተዘግቶ የጠበቀሽ ለምን እንደሆነ አሁንም የገባሽ አይመስለኝም። የውጭ አገር የባህል ተቋማት፣ ጎተም አሊያንስም፣ ማስታወቂያቸው ላይ 5፡30 ካሉ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው። የኛ ሰው ያወጣው ማስታወቂያ 5፡30 ካለ ደግሞ ከምሳ በፊት ሊሆን ይችላል። ቀኑ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ የባሰ ነው። 3/7 የሚለው ኅዳር 7፣ መጋቢት 3፣ ማርች 7 ወይም ጁላይ 3 ሊሆን ይችላል። ማርች 10 ሁልጊዜ መጋቢት 1 ናት፤ ከዚያ ተነሥተሽ ቁጠሪ፣ ከዚያም የሳምንቱን ቀን አመሳክሪ። ካልተጻፈ ደውለሽ ጠይቂ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተማሪ ስላልሆንሽ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ላፕቶፕ ከያዝሽ ስትገቢ አስመዝግቢው፤ አለዚያ ማታ ስትወጪ የኔ ነው ብለሽ ማስረዳቱ ያንቺ ዕዳ ነው። የንግግሩን ርዕስና የአዳራሹን ስም ጥሪው ላይ እንዳለ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ «ስብሰባ አለኝ» ብቻ ብትዪው ጥበቃው ወዴት እንደሚልክሽ አያውቅም። ራስ መኮንን አዳራሽ ሌላ፣ እሸቱ ጮሌ አዳራሽ ሌላ ነው፤ የኋለኛው በኢኮኖሚክስ በኩል ነው። ጉለሌ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይኖሩበት ወደነበረው የሳይንስ አካዳሚው ግቢ ስትሄጂ ግን መመለሻሽን አስቀድመሽ አስቢ። ከ6 ኪሎ ከሆነ ወደ 4 ኪሎ ወርደሽ የመገናኛውን ታክሲ ያዢ። 1 ሰዓት ካለፈ ብቻሽን ሰልፍ አትቁሚ፤ ዳዊት ይምጣ።

ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። የፊት ረድፍ ለእንግዶች ነው፣ የኋላው ዘግይቶ ለሚገባና ስልክ ለሚያነሣ። አንቺ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጪ፤ ማይክ የሚያዞረው ልጅ ቶሎ የሚደርሰው እዚያ ነው። ጊዜ ከተረፈሽና ንግግሩ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ ከሆነ፣ ውጭ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ሄደሽ ቁጠሪው። አሥራ አራት ነው። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። አሁን ጫፉ ላይ አንበሳ ቆሞበታል። ተቋሙ ያለበት ቤት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ባለሥልጣናቱ የተገደሉት እዚያው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ጃንሆይ ከዚያ በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ተቋሙ ሲከፈት መጽሐፍና ጥናት ገባበት። ስለ ታሪክ ሲነገር የተቀመጥሽበትን ቤት አውቀሽ ስሚ።

አባትሽ፣ ነፍሱን በገነት ያኑረውና፣ ይህን ደረጃ ሳያነሣ ስለ 6 ኪሎ አውርቶ አያውቅም። ያንን የዘይት ካርቶን ታውቂዋለሽ፣ አልጋው ሥር ያለውን። ተማሪ ሳለም፣ በኋላም መምህር ሆኖ ለክረምት ትምህርት ሲመላለስ፣ አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞረ የሰማውን የጻፈበት ነው። ባለፈው እሑድ ከዳዊት ጋር ምንጣፍ ላይ ዘረጋነው። ከመቶ በላይ ወረቀት ነው። ቀን የተጻፈበት አሥራ አንድ ብቻ። የተናጋሪ ስም ያለበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንዱ ወረቀት ስለ ድሮ ዘመቻ ስንቅ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ግጥም አድርጎ ጽፎታል። ዳሩ ላይ በቀይ «ትክክል አይደለም!» ይላል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። እንዲህ ያለው ማን ነው? ተናጋሪው ነው፣ አንድ የቀድሞ ጸሐፊን ሲያርም? ወይስ አባትሽ ነው፣ ተናጋሪውን አልቀበልም ብሎ? አባትሽ ከሆነ፣ ጠይቆት ነበር ወይስ ዋጥ አድርጎ ቤቱ ገባ? ስንት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ወረቀቱን ይዤ «ይሄ ምንድን ነው?» አላልኩትም። ካርቶኑ ቦታ ያዘብኝ እያልኩ እነጫነጭበት ነበር እንጂ። አሁን ቀዩን ጽሑፍ ሳየው ድምፁ ይመጣብኛል፤ ምን እንደሚለኝ ግን አይሰማኝም። ይህ እስካሁን እንቅልፍ ይነሣኛል ልጄ።

ስለዚህ አንቺ በገጹ አናት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተናጋሪውን ሙሉ ስም፣ ርዕሱንና አዳራሹን ሳትጽፊ ሌላ ነገር አትጀምሪ። ደብተሩን ስትገልጪው የቀኙ ገጽ የተናጋሪው ነው፤ የግራው ያንቺ። ያንቺን ሐሳብ በቀኙ ገጽ ላይ አትቀላቅዪ። የተናጋሪውን ቃል በቃሉ ከያዝሽው ጥቅስ ውስጥ አስገቢው። ምስል ሲያሳይ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥሩን ጻፊ። በስልክሽ ፎቶ ለማንሣት ብትፈልጊ ፈቃድ ጠይቂ፤ ገና ያልታተመ ጥናት የሚያሳዩ አሉ፤ ደግሞ ቀንና ስም የሌለው ፎቶ ስልክሽ ውስጥ ይጠፋል። በማግሥቱ ከመክሰስ በኋላ ሩብ ሰዓት ወስደሽ አንብቢው፤ በሩጫ የጻፍሽውን ከሳምንት በኋላ ራስሽም አታነቢውም። ጥያቄሽንም፣ የተሰጠሽን መልስም እዚያው አስፍሪ። ባትጠይቂው እንኳ ጻፊው። እንዳልኩሽ፣ ሳትጽፊ እንዳትነሺ፤ ተነሥተሽም ሳትጽፊ እንዳትቀሪ።

ያ መድረክ መሪ ያውቀኛል፣ ይስቅብኛል ብለሽ እንደሆነ፣ ረስቶሻል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው የሚያስተናግደው። ፊትሽን የሚያስታውሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወረቀት ይዘሽ ስትነሺ ነው።

ፊታችን ሐሙስ ወመዘክር የመጽሐፍ ውይይት ካለ እዚያ ሂጂ፤ ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ግን ሐሙስ ቤት እንዳላገኝሽ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ የጻፍሽውን ጥያቄ ታነቢልኛለሽ። ከአርባ ቃል ከበለጠ አቋርጥሻለሁ።

በዳዊት ጓደኛ እጅ በሶ፣ የስልክሽን ቻርጀር (ሶፋው ላይ ረስተሽው ነበር) እና ሁለት ደብተር ልኬልሻለሁ። ግርጌያቸውን እስከ ሃያኛው ገጽ ድረስ አስምሬልሻለሁ፤ የቀረውን አንቺ አስምሪ። ቀይ እስክሪብቶም አለበት። በቀይ የምትጽፊው ያንቺን ቃል ብቻ ይሁን።

እናትሽ