ለቲቸር ደብተር 60 ጥንድ ጫማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ጫማ ልለምን ነው የመጣሁት። የመሮጫ ጫማ፣ 60 ጥንድ። ለማን እንደሆነና ለምን 60 እንደሆነ ግን ትንሽ ታገሱኝና ላውራችሁ።

የተማርኩት አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። የስፖርት መምህራችንን ስም አልጽፍም፣ ራሳቸው አደራ ብለውኛል። እዚያ የተማራችሁ ግን «ቲቸር» ስል «የትኛው ቲቸር?» አትሉኝም። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወጡ ማለት ወረቀታቸው ወጣ እንጂ ሰውየው ዛሬም ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሳሩ ጤዛውን ሳያራግፍ፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳው ላይ ናቸው።

የአርሲን ነገር ታውቃላችሁ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በእሳቸው እጅ ካለፉት ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አሉ። የሦስቱን ብቻ ብትደምሩ 8 የኦሎምፒክ ወርቅ ነው፤ ደራርቱ 2፣ ቀነኒሳ 3፣ ጥሩነሽ 3። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ፣ ከጀርባው የአንድ የመንደር ት/ቤት ሜዳ ነበረ ማለት ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ስለ ከፍታው ያወራል። እውነት ነው፣ በቆጂ ከባህር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ትላለች፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነትም ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ግን ደብረ ብርሃንም እኮ ከፍታ ላይ ናት። አየር ብቻውን ፊሽካ አይነፋም። ቲቸርም ስለ አሰልጣኝ ስንታየሁ ሲያወሩ ወርቁን አይደለም የሚያነሱት። «ያም እንደኔ የመምህር ደሞዝተኛ ነው» ይሉና ይስቃሉ።

የኛ ቲቸር ኦሎምፒክ የደረሰ ልጅ የላቸውም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነርስ ያደረጓቸው፣ ሾፌር የሆኑ፣ መምህር የሆኑ፣ አንድ ደግሞ እንደኔ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ አለ። እኔ በ1,500 ሜትር ሁሌም ከኋላ ሁለተኛ ነበርኩ። ያኔ ሁላችንም ኃይሌን ለመምሰል ግራ እጃችንን ወደ ደረታችን አጥፈን ነበር የምንሮጠው፣ ኃይሌ እንደዚያ የሆነው ደብተር ታቅፎ ት/ቤት እየሮጠ ሲመላለስ ነው ስለሚባል። ቲቸር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እየተቆጡ «እጅህን ፍታ! እሱ ደብተር ይዞ ነው፣ አንተ ምን ታቅፈህ ነው?» ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ስፈጥን እጄ ይታጠፋል።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ባለፈው ለገና ወደ አገር ቤት ወርጄ ሄድኩና ጠየቅኋቸው። ሻይ እየጠጣን አንድ ጠርዙ የተበላ ባለ ካሬ ደብተር አወጡ። ከፊት በኩል የልጆች ስምና የገቡበት ሰዓት አለ፣ ያው እንደ ድሮው። ከኋላ ገልብጠው ሲያሳዩኝ ግን ሌላ ሰንጠረዥ ነው። «ጫማ 4፣ ቁጥር 39። ጠዋት ፈረቃ እገሌ፣ ከሰዓት ፈረቃ እገሊት።» «ጫማ 7፣ ቁጥር 40፣ ሶሉ ሊስትሮ ጋ።» አንድ ጫማ ለሁለት ልጅ ማለት ነው። አንዱ ሮጦ ሲጨርስ እያወለቀ ይሰጣል፣ ሌላኛዋ ላቡ ሳይደርቅ ታስራለች። የቀሩት በኮንጎ ጫማ ወይ በባዶ እግራቸው ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አየሁ፣ ቁጥሯ 37 ነው፣ የተሰጣት 40። ፊቱን በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። ቁልቁለት ላይ እግሯ ወደፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። ስንተኛ እንደገባች ልንገራችሁ? ከወንዶቹ ሁለቱን ብቻ ነው ከፊቷ ያየሁት።

ደብተሩ ውስጥ 60 ስም አለ። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ጫማዎቹን ማን ገዛ ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ማን ይገዛል፣ እሱ ነዋ!» አሉ። ድሮም እንዲህ ናቸው። አንድ ጊዜ ለውድድር አሰላ ልንሄድ ተሰብስበን፣ ይመጣል የተባለው መኪና እስከ ረፋድ ሳይመጣ ቀረ። ቃል የገባልን መሥሪያ ቤት ስልክም አላነሳ። ቲቸር አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ አስቁመው፣ ከሾፌሩ ጋር ተከራክረው፣ ከደሞዛቸው ከፍለው ጆንያው ላይ ጭነውን ሄዱ። መለሱላቸው ወይ? አልመለሱላቸውም። እኛም ልጆች ነበርን፣ ማን እንደከፈለ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። አሁን በጡረታ ደሞዝ ያንኑ እየቀጠሉ ነው፣ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ለራሳቸው ምን እናድርግልዎ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ለኔ ምንም እንዳታመጡ፣ ካመጣችሁ ለደብተሩ አምጡ» ነው ያሉት። ስለዚህ ለደብተሩ እናመጣለን።

የምንፈልገው ይኸው፦ 60 ጥንድ ጫማ፣ ከ35 እስከ 41 ቁጥር። ጫማውን የሚያስቀምጡበት ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሳጥን፣ ምክንያቱም አሁን ያለው ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ አልጋቸው ሥር ነው። ደግሞ በሶ። የገብስ አገር ላይ በሶ ይለመናል ወይ እንዳትሉ፣ ቁርስ ሳይበሉ ሮጠው በዚያው ክፍል የሚገቡ ልጆች አሉ፣ አንድ ኩባያ በሶ ብዙ ነገር ይለውጣል። የብር መጠን ያልጻፍነው ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነው። በጥንድ አስቡት። አንድ ሰው አንድ ጥንድ፣ ወይ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጥንድ፣ ያልቻለ የአንድ ሳምንት በሶ።

ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ ዲሲና ዱባይ ያላችሁ ልጆች፣ የተጠቀማችሁበትም ይሆናል። ሰው ወደ አገር ቤት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጥንድ ቢጨምር አይከብደውም። ሶሉ ያለቀ ግን አደራ አትላኩ፣ እሱማ እዚህም ሞልቷል። ስፓይክም ለጊዜው ይቅርብን፣ ልጆቹ የሚሮጡት ሜዳና ኮረብታ ላይ ነው።

ብሩን የሚይዙት ሦስት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፣ ያለ ሦስቱ ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ በተማሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አለ፣ ደረሰኝም እዚያው ይለጠፋል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፣ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል መጀመሪያ የምትሰድቡት እኔን ነው። ከፋሲካ በፊት ማድረስ እንፈልጋለን፣ ክረምቱ ከገባ ሜዳው ጭቃ ነው።

ቲቸር አንድ ነገር ብለዋል። ጫማው ሲመጣ በሰንጠረዡ ላይ ከልጁ ስም ጎን የሰጪውን ስም ይጽፋሉ። ስሜ አይጻፍ የምትሉ ከአሁኑ ንገሩኝ። ምን ቁጥር ልግዛ ለምትሉኝ ደግሞ፣ 37 በጣም ያጥረናል።