ውጤቴን አሳዩኝ፤ የተፈተንኩት ለሪፖርታችሁ ብቻ አይደለም

ለጎልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ማዕከል ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የተከለከልኩትን የፈተና ውጤትና ቃል የተገባልኝን የመጻፍ ትምህርት ስለመጠየቅ

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ማን እንደሆንኩ፣ መቼ እንደተመዘገብኩ፣ ከዚህ በፊት ምን ምን ብዬ እንደጻፍኩ ፋይሌ ላይ ስላለ አልደግመውም። ፋይሌ ካልጠፋ ማለቴ ነው። በቀጥታ ወደ ማክሰኞ ማታው ነገር ልግባ።

ማክሰኞ ማታ ክፍል ከመጀመሩ በፊት አስተባባሪዋ ቢሮ ሄድኩ። አንኳኩቼ «እንደምን አመሹ» ብዬ ገባሁ። ተቀመጥ የሚለኝ ስላልነበረ ቆሜ ጠየቅኩ።

«የሁለተኛውን ፈተና ውጤት ፈልጌ ነው።»

ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩና «አልፈሃል» አሉኝ።

እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሳቸው «አንተ» ይሉኛል። ሽበቴ ከበሩ ጀምሮ ይታያል። ይለፍ ብዬ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የሚያልፍ አልሆነም።

«ንባቡ ስንት ነው? ማዳመጡስ?»

«ደረጃ ጨምረሃል። በቃ፣ ደስ ይበልህ።»

«ደስ እንዲለኝ ስንት እንደነበርኩና ስንት እንደደረስኩ ልወቅ።»

«ውጤቱ እኮ ለሪፖርት ነው። ለተማሪ አንሰጥም።»

ይሄኔ ከቦርሳዬ ወረቀቱን አወጣሁ። በምዝገባ ዕለት እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው የጻፉልኝ ነው። «ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ውጤት በየክህሎቱ ይነገራል፤ የመጻፍ ትምህርት ይመደባል» ይላል። ቀን አለው። ፊርማ አለው። አየት አደረጉትና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ያኔ እኮ እንድትበረታታ ብዬ ነው።»

እንድበረታታ! ከሥራ ወጥቼ፣ እራቴን መኪና ውስጥ በልቼ የምመጣው ይህን ወረቀት አምኜ ነው። ጸጥ ብዬ ስቆም ደግሞ ጨመሩልኝ። «ለመሆኑ ነፃ ትምህርት ላይ ይሄን ያህል ምን አስጨነቀህ?»

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ «ነፃ» የሚሉት ነገር ነው። ማዕከላችሁ የሚንቀሳቀሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአሜሪካ የሥራ ኃይል ሕግ፣ ለጎልማሶች ትምህርትና ለማንበብና መጻፍ በተመደበ የፌዴራል ገንዘብ መሆኑን ራሳችሁ በር ላይ ለጥፋችኋል። ያ ገንዘብ የሚመጣው ከግብር ነው። ከእኔም ደሞዝ ይቆረጣል። ነፃ ነው ብሎ አፍ ማስያዝ ከየት የመጣ አሠራር ነው?

ሪፖርት መላክ እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ በዚያ አልከሳችሁም። የፌዴራሉ አሠራር እንግሊዝኛ ተማሪዎችን ፊደል ከሚቆጥረው እስከ ከፍተኛው ድረስ በ6 ደረጃ ይከፍላል። ተማሪ በሁለተኛው ፈተና አንድ ደረጃ ከወጣ ማዕከሉ «የሚለካ ለውጥ አመጣ» ብሎ ይመዘግባል። ጥሩ ነው። ግን ለውጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ደሜን ቀድቶ «ውጤቱ ለላቦራቶሪው ነው» ቢለኝ ዝም ብዬ ልሂድ?

ደግሞ የተፈተንነው ካሳስ (CASAS) የሚባለውን የጎልማሶች ችሎታ መለኪያ ፈተና ነው። ካሳስ ሲታረም ተማሪው በየትኛው ዓይነት ጥያቄ እንደደከመ የሚያሳይ ዝርዝር ይወጣዋል። አንድ ገጽ ማተም ነው። ያን ገጽ መምህራችን እንኳን አላየውም፤ ጠይቄዋለሁ፤ «እኔም አይሰጡኝም» አለኝ። ታዲያ ምን እንደጎደለን ሳያውቅ ምን ብሎ ነው የሚያስተምረን?

ስለ ፈተናው ካነሳሁ አይቀር፣ ካሳስ በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ከ70 እስከ 100 ሰዓት ትምህርት እንዲኖር ይመክራል። 40 ሰዓት የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። እናንተ ገና 40 ሰዓት ከመሙላታችን ከክፍል እየጠራችሁ አስፈተናችሁን። ለምን እንደተቸኮለ የነገረን የለም። እኔ ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መጻፉ ልምጣ። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው። አንድ አዛውንት ከአልጋ ቢወድቁ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። በስንት ሰዓት እንዳገኘኋቸው፣ በየት በኩል እንደተኙ፣ ምን እንዳሉኝ፣ ለማን እንደደወልኩ። ያየሁትን ካልታየው ለይቼ መጻፍ አለብኝ። «ወደቁ» እና «ወድቀው አገኘኋቸው» አንድ አይደሉም፤ ቤተሰብ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ልዩነቱ ይታወቃል። በምዝገባ ዕለት ይህን ሁሉ አስረድቻለሁ። አስተባባሪዋም «ገባኝ» ብለው ነው ያን ወረቀት የጻፉልኝ።

ከዚያ የት መደባችሁኝ? ዜግነት ፈተና ዝግጅት ክፍል! ዜጋ ከሆንኩ እኮ ዓመታት አልፈዋል። ፎርሙ ላይ «ሥራ» ያልኩትን ማን «ዜግነት» እንዳደረገው እስከዛሬ አላውቅም። በዜግነቱ ፈተና ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል መጻፍ ይበቃል። እሱ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቅም። የእኔ ሱፐርቫይዘር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይለቀኝም።

ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ወደ ማታው ክፍል አዛወራችሁኝ። እዚያም መጻፍ ማለት ባዶ ቦታ መሙላት ነው። የተፈተንነው ንባብና ማዳመጥ ብቻ ነው። እስከዛሬ እኔ የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ አንብቦ ያረመ ሰው የለም። «አልፈሃል» የተባልኩት እንግዲህ በዚህ ነው።

የሚያናድደው፣ ኮሪደራችሁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ለጎልማሶች የወጣው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ በትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ዐሥር ነጥብ አለው። ክፍል እስኪከፈት ስጠብቅ አንብቤዋለሁ፤ መቼም በሰዓቱ አይከፈትም። በቃልም በጽሑፍም ሐሳብ መለዋወጥ አለበት። አቋምን በማስረጃ ማስደገፍ አለበት። ግልጽና የተያያዘ ጽሑፍ ማዘጋጀት አለበት። ከእነዚህ ክፍል ውስጥ የተነካው የትኛው ነው? ግድግዳው ጥሩ ተማሪ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት በር ላይ «በቋንቋዎ እናስተናግዳለን» ስለሚል ነው። በእንግሊዝኛ እንዳልጽፍ ደግሞ ደረጃዬን የነገረኝ የለም።

መጀመሪያ የፈለግኩት አንድ ገጽ ውጤት ብቻ ነበር። አሁን ግን ይህ አይበቃም። የሁለቱንም ፈተና ውጤት በየክህሎቱ አሳዩኝ፤ ኮፒውን ለመምህሬም ስጡት። በእጅ ተጽፎ የተፈረመልኝን የመጻፍ ትምህርት መድቡልኝ፤ ክፍል የለም ካላችሁ የት እንዳለ ጽፋችሁ ምሩኝ። አስተባባሪዋም ስለ «ነፃ» እና ስለ «ማበረታታት» የተናገሩትን በጽሑፍ ያስተካክሉ። ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መሻገሩን ለህሊናቸው እተወዋለሁ።

ውጤቴን የማየት ጉዳይ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውና ፈርፓ (FERPA) የሚባለው የአሜሪካ ሕግ 18 ዓመት የሞላው ተማሪ የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት ይሰጠዋል። ተቋሙም በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። ይህ ደብዳቤ እንደ ጽሑፍ ጥያቄ ይቆጠርልኝ፤ ቀኑም ከዛሬ ይቆጠር። ካልሆነ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የተማሪዎች ግላዊነት ፖሊሲ ቢሮ አቤት እላለሁ። ለስቴቱ የጎልማሶች ትምህርት ቢሮም ያን የተፈረመ ወረቀት አያይዤ እልካለሁ። ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ነው።

እባካችሁ ስልክ አትደውሉልኝ። በስልክ የተባልኩትን ሁሉ በኋላ «አላልንም» ተብያለሁ። መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማታው ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያውን የማዳመጥ ፈተና ስንወስድ የእኔ ማዳመጫ በአንድ በኩል አይሰማም ነበር። እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ፤ «ግድ የለም፣ ቀጥል» ተባልኩ። በሁለተኛው ፈተና አዲስ ተሰጥቶኝ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ጨመርክ ከተባልኩት ነጥብ ስንቱ የእኔ፣ ስንቱ የማዳመጫው እንደሆነ ሪፖርቱን የሚያነቡት ሰዎች እንዲያውቁት ይህም ፋይሌ ላይ ይያያዝ።