ሆዳም አይደለሽም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። «ጠግቤ በልቼ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ የሚበላ ነገር ፍለጋ እነሳለሁ፤ ሆዳም ሆኛለሁ» ያልሽውን አነበብኩ። ስድቡን ተይው። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፤ ዕድሜዋን ባዮኬሚስትሪ ስታስተምር የኖረችን እናት እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀሽ ደግሞ በአጭር መልስ አትገላገይም።

ጥጋብ ማለት ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። አንጎል የበላሽው ምን እንደሆነም ይከታተላል፤ ከሚከታተላቸው አንዱ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይሠራል። 9ኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ መምጣት አለባቸው፤ እንደ ስብ ጎተራ ውስጥ ተከማችተው የሚቆዩም አይደሉም። አንዱ ከጎደለ የፕሮቲን ሥራው ይስተጓጎላል።

ፕሮቲን ያነሰው ምግብ ስትመገብ ለቆየች የላቦራቶሪ አይጥ ከ9ኙ አንዱ ብቻ የሌለበት ምግብ ይቀርብላታል። እንደወትሮዋ ትጀምራለች። ብዙም ሳትቆይ፣ ሆዷ ገና ሳይሞላ፣ ትተወዋለች። ጉድለቱን ማን ነገራት? በ2005 የወጡ ጥናቶች በአንጎል ውስጥ ጂሲኤን2 የሚባል ፕሮቲን አሚኖ አሲዱን ያጣውን ባዶ ቲአርኤንኤ (አሚኖ አሲድን ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ የሚያጓጉዝ ሞለኪውል) ሲያገኝ ማስጠንቀቂያውን ያስነሳል አሉ። ከ10 ዓመት በኋላ ሌሎች በአይጦች ላይ ደግመው ሲሞክሩት ያለዚያ ፕሮቲንም ጉድለቱ እንደሚታወቅ አዩ። ስለዚህ ጂሲኤን2ን ብቸኛው ዘበኛ አድርገሽ አትያዢው።

ሰውም ላይ ታይቷል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሮዝ በ1940ዎቹ ለተማሪዎች አንድ አሚኖ አሲድ የጎደለበት ምግብ ሲሰጣቸው የምግብ ፍላጎታቸው ተዘጋ፣ ደከማቸው፣ ነጭናጮች ሆኑ።

«ታዲያ የጎደለው ሰው መብላት ካቆመ እኔን ለምን ያስርበኛል?» ትዪ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንዱ አሚኖ አሲድ ጨርሶ ሲጠፋ አንጎል ያንን ምግብ ይሸሻል። ሁሉም ኖረው ግን በምግቡ ውስጥ ካለው ስብና ካርቦሃይድሬት ጋር ሲነጻጸሩ ሲያንሱ እስኪሟላ ድረስ ተጨማሪ መብላት ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ስቲፈን ሲምፕሰንና ዴቪድ ራውበንሃይመር በ2005 ያቀረቡት መላምት ይህ ነው፤ ለውፍረት ሁሉ ምክንያት ማድረጉ ይበዛበታል ባይ ነኝ፣ ላንቺ ጥያቄ ግን ይስማማል። ፕሮቲን ሲያንስ ጉበት ኤፍጂኤፍ21 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱም አንጎል ላይ ሠርቶ ፕሮቲን ያስመኛል።

ሲበዛስ? አሚኖ አሲድ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይለቀቃል፤ ቬገስ ነርቭ ወሬውን ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል። በ2006 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ9ኙ አንዱ የሆነውን ሊዩሲንን በቀጥታ አይጦች አንጎል ውስጥ ሲያስገቡ ርሃብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በሃይፖታላመስ ያለው ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን ነቅቶ የሚበሉት መጠን ቀነሰ።

እንቅልፍ ማጣትም ያስርባል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። አሁን የምፈልገው ጠዋት ጠዋት የምትበዪውን እንዳለ ዘርዝረሽ እንድትጽፊልኝ ነው። እንቁላል ወይም ጥራጥሬ ጨምሪበትና ከቀትር በፊት ያለው ርሃብሽ ይለወጥ እንደሆነ ተመልከቺ። የፕሮቲን ዱቄት እንዳትገዢ።

እናትሽ