እማማን አንድ ነገር ጠይቅልኝ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና አሁን ከምነግርህ አንድ ጉድ በቀር ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ዝም ማለቴን አውቃለሁ። የትንሹን ልጅህን የክርስትና ፎቶግራፍ ልከህልኝ፣ አይቼው፣ «ማታ ተረጋግቼ እጽፍለታለሁ» እንዳልኩ ያ ማታ እስከ ዛሬ አልመጣም። ይቅርታ አድርግልኝ። ምክንያት ብደረድርልህ እንደማታምነኝ ስለማውቅ አልደረድርም፤ ብዕር ያስነሳኝም ናፍቆት ብቻ ነው ብልህ መዋሸት ይሆንብኛል። ያስነሳኝ ጠላ ነው። ከእማማ አንድ ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ በቀጥታ እንዳልደውልላቸው ደግሞ፣ ሦስት ዓመት ጠፍቶ የከረመ ልጅ ሰላምታውን ሳይጨርስ ስለ ጠላ ሲጠይቃቸው ምን እንደሚመልሱለት እኔም አንተም እናውቃለን።

አሁን እየሳቅህ እንደሆነ ይታየኛል። አዎ፣ ጌሾ ሊወቀጥ ነው ሲባል ከግቢ ይጠፋ የነበረው ያው ልጅ በዚህ ዕድሜው ጠማቂ ሆኗል። ብቻ የጀመርኩት በጠላ ሳይሆን በፖም ነው። ባለፈው ጥቅምት ልጆቹን ይዘን የሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ወዳለችው ወደ ዊንቸስተር ሄድን፤ አገሩ የታወቀ የፖም አገር ነው፤ እነሱ ፖም ሲለቅሙ እኔ ዓይኔ ከመጭመቂያው ላይ ቀረ። እዚህ አገር ሳይደር ሲሉ ያልተጣራውን የፖም ጭማቂ ማለታቸው ሲሆን፣ የሚያሰክረውን ለይተው «ሀርድ ሳይደር» ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን ሳይደር ካሉ የሚያሰክረውን ነው። እኔም ለስላሳውን ገዝቼ ኃይለኛውን ላወጣ ተነሳሁ።

ፖም ለጀማሪ የሚቀለው ስኳሩ ዝግጁ ሆኖ ስለሚመጣ ነው። ገብስ ስኳሩን በስታርች መልክ ቆልፎ ስለሚይዝ መጀመሪያ መብቀል፣ ከዚያም በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት፤ የፖም ጭማቂ ግን ከእርሾ ሌላ የሚጠይቅህ ነገር ብዙ አይደለም። እማማ ያንን ሁሉ ገብስ በኮባ ጠቅልለው ያበቅሉ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ፣ አፍሬ ልንገርህና፣ ባለፈው ጥቅምት ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ እንኳ አልተነሳም። ከሱቅ የገዛሁት አንድ ጋሎን ጭማቂ እርሾ ከጨመርኩበት በኋላ ሳምንት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ፤ በመጨረሻ ጽሑፉን በመነጽር ሳነበው ለካስ እርሾ እንዳይራባ ተብሎ ፖታሲየም ሶርቤት ተጨምሮበታል። ስለዚህ ከዊንቸስተር ምንም ያልተጨመረበትን 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ያህል አመጣሁ፤ ዕቃውን ሁሉ በመድኃኒት አጠብኩ፤ አንድ ጥቅል የቢራ እርሾ ነስንሼ፣ ጋዝ የሚያስወጣ አየር ግን የማያስገባ ውሃ ያለባትን ትንሽ ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ሰክቼ ምድር ቤት አስቀመጥኩት። በማግስቱ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወርጄ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ... ተወው፣ አንተ ይገባሃል።

ከባዱ ስሕተት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና ምድር ቤቱ ወደ 10 ዲግሪ ወረደ፤ ቡልቅታውም እየራቀ ሄዶ ቆመ። እኔም «ደረሰ» አልኩ። የቢራ እርሾ 18 እና 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው ደህና አድርጎ የሚሠራው፤ ሲበርደው ሳይጨርስ ይተኛል፤ ይህን ግን በወቅቱ አላወቅኩም። እንዲያውም ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ 22 ትልልቅ ጠርሙስ ስሞላ፣ አረፋ እንዲኖረው ብዬ በየሊትሩ 6 ግራም ስኳር ጨመርኩበት፤ ከዚያም ጋዙ ቶሎ እንዲፈጠር የማሞቂያው ቧንቧ በሚያልፍበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልብሶቹ ሥር ደረደርኳቸው። የተኛውን እርሾ ቀሰቀስኩ፣ ምግብ ጨመርኩለት፣ በሩንም ዘጋሁበት ማለት ነው።

የከተራ ዕለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፈነዳ። ባለቤቴ መንገድ ላይ የተተኮሰ መስሏት ልጆቹን መሬት አስተኛቻቸው። እኔ ግን ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ምን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ሁለተኛው ሲደገም ደግሞ የፖም ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ለጥምቀት ተተኩሶ የተሰቀለው የእሷ ቀሚስ ከጥለቱ እስከ ወገቡ ተነክሯል፤ አንዲት የጠርሙስ ስባሪ እጅጌውን በስታ ገብታ እዚያው ተሰክታለች፤ ከእጅጌው ጫፍ ሳይደሩ ጠብ ጠብ ይላል። ሦስተኛው ሳይከተል ካፖርቴን ደርቤ፣ የበረዶ መነጽር አድርጌ፣ የምጣዱን አክንባሎ እንደ ጋሻ ይዤ ገባሁና የተረፉትን 20 ጠርሙሶች አንድ በአንድ አውጥቼ ደጅ፣ በረዶው ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ከደንኩባቸው። እሷ በማግስቱ ሌላ ቀሚስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እስከ ዛሬ አልሳቀችም። እኔም የሚያስቅ አልመሰለኝም፤ ልጆቹ ማታ ማታ ከዚያ ቁም ሣጥን ጀርባ ይደባበቁ ነበርና።

ማወቅ የሚገባኝን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሃይድሮሜትር የምትባል፣ ቴርሞሜትር የምትመስል ብርጭቆ አለች፤ ፈሳሹ ስኳር ሲበዛበት ከፍ ብላ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ዝቅ ብላ ትንሳፈፋለች። በንጹሕ ውሃ ላይ 1.000 ታሳያለች። ጭማቂዬ ሲጀምር 1.050 እንደነበረ ጽፌ ይዤ ነበር፤ በአግባቡ ቢያልቅ 1.000 አካባቢ ደርሶ 6 ከመቶ ተኩል ያህል አልኮል ይኖረው ነበር። ከጠርሙስ ተርፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖርኩትን ስለካው ግን 1.018 ላይ ቆሟል፤ ይህም በየሊትሩ ከ40 ግራም በላይ ስኳር ሳይበላ ቀርቷል ማለት ነው። ለአረፋ በቂ የነበረው ያ 6 ግራም ብቻ መሆኑን ስታስብ፣ ቤታችን መትረፉም ይገርመኛል። ብርጭቆዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ለክቼ መጨረሻ ላይ ያልለካሁት ጆሮዬን ስላመንኩ ነው፤ ጆሮ ደግሞ እርሾ ሞተ ወይስ ተኛ አይለይም። ቢያንስ የእኔ ጆሮ አይለይም።

ደጅ ያሉትን 20 ጠርሙሶች በፎጣ ጠቅልዬ፣ በጣም እንደቀዘቀዙ፣ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው። የመጀመሪያው ግማሹ ጣሪያ ላይ ቀረ። የቀረውን ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ነው፣ ደህና መጠጥ ነው፣ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። እስካሁን ዘጠኝ ከፍቻለሁ፤ የአየር ትንበያው ለሚቀጥለው ሳምንት ሙቀት ስለሚል የቀሩትን ቅዳሜ ሳልጨርስ አላድርም።

ሞኝ ነህ በለኝ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ቢራ ጠመቅኩ። ስለ ቢራው ብዙ የምነግርህ የለኝም፤ የብቅሉን ስኳር ወፍራም ሽሮፕ አድርገው ስለሚሸጡት፣ ከሆፕ ጋር አንድ ሰዓት አፍልቶ ማቀዝቀዝና እርሾ መጨመር ነው። ሆፕ ማለት የፈረንጅ ጌሾ በለው፤ መራራነቱን የሚሰጠውም እንዳይበላሽ የሚያግዘውም እሱ ነው። የጠቀመኝ ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ ቢራ 1.000 አይደርስም፤ ከብቅሉ ስኳር እርሾ ሊበላው የማይችለው ይተርፋልና። ስለዚህ ማለቁን የምታውቀው ቁጥሩ በመውረዱ ሳይሆን መውረዱን በማቆሙ ነው። የእኔ ከ1.048 ተነስቶ ሦስት ቀን ተከታታይ 1.012 ላይ ቆሟል፤ ሙቀቱም 19 ዲግሪ ነው። ይህም ሆኖ ጠርሙስ ለመሙላት እጄ እንቢ ብሎኛል።

ደግሞ ትታሰራለህ ብለህ እንዳትሰጋ። በዚህ አገር ወይን በቤት መጥመቅ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲፈቀድ፣ ቢራ ግን ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው የተፈቀደው፤ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ይጠምቃል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። የእኔን ማን እንደሚገዛው እንጃ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልግባ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ሳይደሩ ቡልቅ ቡልቅ ሲል በነበረ ጊዜ፣ ልቤ አብጦ፣ ለፋሲካ የማኅበራችንን ጠላ እኔ አመጣለሁ ብዬ በሰው ፊት ቃል ገባሁ። ጌሾውን፣ ቅጠሉንም እንጨቱንም፣ እዚሁ ካለው የአበሻ ሱቅ ገዝቻለሁ፤ ብቅሉን የቢራ ዕቃ ከሚሸጡት አገኛለሁ፤ ጋን ስለሌለ በባልዲ እወጣዋለሁ። ወይራ የለም፤ ቢኖርም ቤት ውስጥ ባጥን የጭስ ማስጠንቀቂያው የእሳት አደጋ መኪና ነው የሚጠራብኝ። ይህን ሁሉ በአንድ መላ እወጣዋለሁ። መላ ያጣሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ? ብርጭቆዋ ድፍድፍ ውስጥ አትንሳፈፍም፤ ብትንሳፈፍም ከብቅሉ፣ ከቂጣውና ከአሻሮው ዝፍዝፍ መካከል የምታሳየው ቁጥር አይታመንም።

እማማ ግን ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ያስደግፉ ነበር፤ ታስታውሳለህ? ነጠላቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኛን በእጃቸው ዝም አሰኝተው ያዳምጡና «ገና ነው» ብለው ይሄዱ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ በዚያው ቀን፣ እኛ ምንም ለውጥ ሳይታየን፣ ውሃውን ሞልተው አፉን ይመርጉታል። ያ የተመረገ ጋን ለምን ፈንድቶ አያውቅም? ምርጊቱ ጋዙን ቀስ እያለ የሚያስተነፍሰው ይመስለኛል፤ ቢሆንም ከእሳቸው አፍ ብሰማው ይሻላል። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ አትጠይቅልኝ፤ እንደ አየሩ ነው እንደሚሉህ አውቃለሁ። የምትጠይቅልኝ ሲያዳምጡ የሚሰሙት ምን እንደሆነ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ነው ወይስ ሲለወጥ? ሽታውንስ ይጨምሩበታል? በስልክህ ቅዳልኝና በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቢቆጡም አትቁረጠው፣ ቁጣቸውንም ልስማው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አሁንም ይጠምቁ እንደሆነ እንኳ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? ካልጠመቁ ጥያቄው አያሳዝናቸው፤ አንተ እንደሚሆን አድርገህ አንሳው። ልጁንም ሳምልኝ፤ ፎቶግራፉ ላይ ግንባሩ ቁርጥ አንተን ነው፣ ይህን ያኔውኑ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር።

ስለ ቁም ሣጥኑ ግን ለእማማ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ስለ ያኛው ጋንም እስከ ዛሬ ካልነገርካቸው፣ አሁን ጊዜው አይደለም።

ወንድምህ፣
ቅራሪ