ረጂውም ይጠየቃል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጎርፍ፣ ድርቅ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር የመገናኛ ብዙኃን፣ የእናንተም ጋዜጣ ጭምር፣ የሚያቀርቡልን ዘገባ በአመዛኙ የልገሳውን መጠን የሚቆጥር ነው። የትኛው ድርጅት ስንት ቶን እህል እንደላከ፣ የትኛው ኩባንያ ምን ያህል ገንዘብ እንደለገሰ ይነገረናል፤ እርዳታው ተጎጂው ዘንድ በምን ሁኔታ እንደደረሰና ተጎጂው ሲበደል ለማን አቤት እንደሚል ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ሰብዓዊ መብትን የማክበርና የማስከበር ቀዳሚው ግዴታ የመንግሥት መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና በአደጋ ጊዜ ውኃውን የሚያድለው፣ መጠለያውን የሚተክለው፣ ማን እንደሚመዘገብ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ መድኃኒቱን የሚሸጠውና ተሽከርካሪውን የሚያከራየው ደግሞ ነጋዴው ነው። በሰው ሕይወት ላይ ይህን ያህል ሥልጣን የያዘ አካል ለጋስነቱን ጋሻ አድርጎ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባም።

ይህ የእኔ ፍላጎት ብቻ አይደለም። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ በችግሩ ክብደት ብቻ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ድርጅቶቹም ገንዘብ ለሚሰጧቸው ብቻ ሳይሆን ለሚረዷቸው ሰዎችም ተጠያቂ እንደሆኑ ያስቀምጣል። በተግባር የምናየው ግን ለገንዘብ ሰጪው በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ለተረጂው የተቀመጠለት የአቤቱታ ሣጥን ነው፤ እሱንም ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም።

ስፊር በተባለው የሰብዓዊ እርዳታ መመሪያ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ የመጀመሪያው ጥድፊያ ካለፈ በኋላም ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ያስፈልጋል። መጸዳጃው ከውስጥ የሚቆለፍና መብራት ያለው እንዲሆንም ይጠይቃል። ጉዳዩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ መቆለፊያ በሌለው መጸዳጃ በጨለማ የምትሄድ ልጅ ለጥቃት ስትጋለጥ ግን ቁልፉ የሰብዓዊ መብት ጥያቄ መሆኑ ይገባናል።

ኩባንያዎችን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበላቸው 31 መሪ መርሆች አሉ። ከማብራሪያቸው የወደድኩት ነጥብ፣ አንድ ኩባንያ የሚያደርገው በጎ ሥራ በሌላ በኩል ያደረሰውን የመብት ጥሰት እንደማያካክስለት የሚገልጸው ነው። በጎርፉ ማግስት የመድኃኒት ዋጋ በእጥፍ የጨመረ አስመጪ ብርድ ልብስ ሲለግስ ፎቶ ስለተነሣ ብቻ ሒሳቡ አይዘጋለትም።

እርዳታ አቅራቢ ራሱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ሄይቲ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከወራት በኋላ ኮሌራ በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር በኩል ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ይቅርታ የጠየቁት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ድርጅቱ የግል በጎ አድራጎት ተቋም ባይሆንም፣ የስድስት ዓመቱ ዝምታ ማንኛውንም ረጂ ይመለከታል።

ስለዚህ በቀጣዩ ዘገባችሁ ከኃላፊዎቹ መግለጫ ጎን በእርዳታው ሰልፍ የቆመችው ሴት ድምፅ እንዲካተት፣ አቤቱታ አቅርባ እንደሆነና ማን እንደመለሰላት እንድትጠየቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ