የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጣት የማያስለቅስ ጊታር ፍለጋ

መስከረም ላይ ምዝገባ ስንከፍት 31 ልጆች መጡ። 19ኙ ከስማቸው ጎን «ጊታር» ብለው ጻፉ። 6 ክራር፣ 2 ማሲንቆ፣ 4 ድምፅ። በክበቡ እጅ የነበረው ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ አሮጌ ቦክስ ጊታር ነው። ለ19 ልጅ አንድ ጊታር። ቢሆንም ተራ አወጣንና ጀመርን።

ኅዳር ሲገባ ከ19ኙ 11ዱ ትተውት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሰለቹ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ አንድ ቀን ከተዉት አንዷን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘኋትና ምክንያቷን ጠየቅኳት። ዝም ብላ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። በሦስቱ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ክሩ የተኛበት መስመር ቀልቶ ይታያል። የሌባ ጣቷ ቆዳ ተልጧል። «ቲቸር፣ በደንብ እጫነዋለሁ እኮ፤ ግን ድምፁ አይወጣም» አለች።

ወደ ክፍል ተመለስኩና ማስመሪያ አወጣሁ። 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው)፣ ማለትም የክሩ እኩሌታ ላይ፣ ክሩ ከብረቱ 6 ሚሊ ሜትር ርቆ ተሰቅሏል። የጊታሩ አንገት በጊዜ ብዛት ተጣሟል። ያንን ጊታር ዓመታት የተጫወተ ሰው እንኳ ያማርረዋል። እኛ ደግሞ ጀማሪ ልጅ እጅ ላይ ነው ያስቀመጥነው። እስካሁን ይቆጨኛል። የዘንድሮው ሥራችን ሁሉ የተነሣው ከዚያች ማስመሪያ ነው። ልጅን በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ የሚያመጣ ጊታር እንግዛ አልን።

ለምን ኤሌክትሪክ ጊታር እንደሆነ ብዙ ወላጆች ጠይቀውኛል። «መጀመሪያ ቦክስ ጊታር ይልመዱ፤ ኤሌክትሪኩ ኋላ ይደርሳል» የሚባል ነገር ከድሮም አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ግን ክሩን አስቡት። ለጀማሪ በሚመከረው የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭኑ 0.009 ኢንች ነው፤ 0.23 ሚሊ ሜትር ገደማ። የብረት ክር ያለው ቦክስ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው 0.012 ነው። ልዩነቱ በዓይን አይለይም፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚያጎላለት አምፕ ስላለው ክሩ ወፍራም መሆን አይጠበቅበትም። ሌላም ጥቅም አለው። ሄድፎን ከተሰካ የሚሰማው ልጁ ብቻ ነው። ከክፍላችን ግድግዳ ወዲያ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ነው የሚሰጠው።

አምፑ ግን ከጊታሩ ቀድሞ መጣ። የአንድ ተማሪያችን አክስት ክበቡን ሰምተው ከአሜሪካ 15 ዋት አምፕ ይዘውልን መጡ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበቡት። እኔም መብራቱ ሲበራ ላሳያቸው ብዬ ሰካሁት። ቀዩ መብራት ቦግ አለ፣ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተብሎ ተጽፏል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ጠጋኙ ትራንስፎርመሩ መቃጠሉን ነገረኝ። ሰው ያንን ያህል መንገድ ተሸክሞ ያመጣውን ነገር በአንድ ደቂቃ አጠፋሁት። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ይቅር አሉኝ።

እና ዘመድ ከውጭ ዕቃ የሚልክላችሁ ወላጆች፣ አደራ፦ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ችግር የለም። «120» ብቻ ካለ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳይኖር እንዳትነኩት።

ጥር ላይ ባዛር አደረግን። ልጆቹ ቆሎና ሻይ ሸጡ፤ ወላጅ ኮሚቴው ጨመረበት፤ 44,000 ብር ሞላ።

ግዢውን ብቻዬን ላደርገው አልፈለግኩም። ሦስት ተማሪዎች ይዤ ወጣሁ፦ ጣቷ የተላጠባትን ልጅ፣ ክራር የሚጫወተውን የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሌላ ልጅ። ከተማችን ውስጥ ማታ ማታ ሆቴል የሚጫወቱ አንድ ጊታሪስትም አብረውን መጡ። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ለጀማሪ የተዘጋጀ ሙሉ ፓኬጅ አለ። ሣጥኑ ሲከፈት የልጆቹ ዓይን በራ። ቀይ የሚያንጸባርቅ ጊታር፣ 10 ዋት አምፕ፣ ኬብል፣ ማንገቻ፣ ቦርሳ፣ ፒክ፣ መቃኛ፣ ካፖ፣ ትርፍ ክር። ድምፁን የሚያወዛውዝ የብረት እጀታም አለው። ዋጋው ደግሞ ደህና ነው። እኔ በልቤ ገዝቼዋለሁ።

ጋሼ ቀለሙን አላዩም። ጊታሩን አንሥተው፣ አናጢ ጣውላ ሲመርጥ እንደሚያደርገው፣ ከጫፉ በአንድ ዓይን አንገቱን አዩት። ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዘው በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱት። እጇን ሳብ አደረገች። የፍሬቶቹ ጫፍ አልተሞረደም፤ እንደ መጋዝ ይዋጋል። ቀጥለው ጊታሩን ቃኙት። እጀታውን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ገፉትና ክሮቹን አንድ በአንድ መቱ። «እህ፣ ክራር፣ አሁንስ?» አሉት ልጁን። ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። «ሁሉም ወርደዋል ጋሼ። ሦስተኛው ደግሞ ብሶበታል።»

ይሄ እጀታ ያለበት ብሪጅ፣ ማለትም ክሮቹ ጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፉበት ብረት፣ በስፕሪንግ የቆመ ነው። ሲረግቡና ሲወጠሩ ክሮቹ እርስ በርስ ይጎታተታሉ። አንዱን ስትቃኝ ሌላው ይበላሻል። ጥሩ ዕቃ ላይ፣ ለሚያውቅ ሰው፣ ድንቅ ነገር ነው። ገና ጆሮው ያልለመደ ልጅ ግን ከአንድ ሰዓት ልምምድ ግማሹን ሲቃኝ ያልፋል። ጊታሩ ሳይቃኝ ከተጫወተ ደግሞ የባሰ ነው። ልክ ቦታውን ተጭኖ የተሳሳተ ድምፅ ይሰማል፤ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሣጥን ያን ያህል አይሞላም። ጊታር፣ አምፕ፣ ኬብል፣ ቦርሳ፤ በቃ። ጊታሩ ድምቀት የሌለው ጥቁር ነው። ዋጋው ከቀዩ 5,000 ብር ይበልጣል። ብሪጁ ግን የማይነቃነቅ ነው። የክሩ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ነው። ስትራቶካስተር የሚባለው የታወቀ የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽ ያላቸው አብዛኞቹ ጊታሮች 648 ናቸው። 2 ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፣ ክሩም ላላ ይላል፤ ትንሽ እጅ ያላት ልጅ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ጋሼ እዚህ ላይ ያሳዩንን አንድ ፈተና ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ሊሞክረው ይችላል። ክሩን ሳትጫኑ፣ ልክ 12ኛው ፍሬት አናት ላይ በጣት ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ምቱት። ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል። አሁን እዚያው ቦታ ተጭናችሁ ምቱት። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ጊታሩ በባዶ ክር ቢቃኝም አንገቱ ላይ እየሄዳችሁ ስትጫወቱ ይስታል። ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች የሚስተካከል ከሆነ አያስፈራም፤ ባለሱቁን እዚያው አስተካክልልኝ ማለት ነው። ከዚያ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን አዙሩ፣ ኬብሉንም መሰኪያው ላይ ነቅነቅ አድርጉት። ቸር ቸር ካለ ወይም ከተቋረጠ ሌላ አምጣ በሉት።

ስለ ስም የሚጠይቁኝም አሉ። ስኳየር የፌንደር፣ ኤፒፎን የጊብሰን ነው፤ ለጀማሪ ኪስ የሚሆኑ ጊታሮች በእነዚህ ስሞች ይሠራሉ። ያማሃ ፓሲፊካም በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስሙ ይረዳል። ግን አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ሁለት ጊታሮች አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊዋጋ ይችላል። የምትገዙትን ራሱን በእጃችሁ ያዙት።

ትምህርት ቤት ተመልሰን ድምፅ ሰጠን። ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። አብዛኛው ልጅ ቀዩን ነው የፈለገው፤ ርካሽም ነው፣ ያምራልም። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፣ የተወጋችበትን አሳየች። ጥቁሩ በ4 ድምፅ አሸነፈ።

አምፑን የመረጥነው በሦስት ነገር ነው፦ የሄድፎን ቀዳዳ አለው፣ በ220 ይሠራል፣ በባትሪም ይሠራል። መብራት የሚጠፋበትን ቀን እናውቃለን። ገንዘቡን ሣጥኑ ላይ አልጨረስነውም። የቀረውን ለሁለት ነገር አዋልነው። አንደኛው ጊታሩን ማስተካከል ነው። ጋሼ ክሩን 0.009 አድርገው ቀየሩት፣ አንገቱን በውስጡ ባለው ብረት አቃኑት፣ የክሩን ከፍታ ወደ 2 ሚሊ ሜትር አወረዱት። በዚያች ማስመሪያ ራሴ ለካሁት። ሁለተኛው ትርፍ ክር መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን አንድ ብቻ ይበቃል ብዬ ገዛሁ።

አልበቃም። መጋቢት ላይ ቀጭኑ ክር ተበጠሰ፣ ትርፉም በሳምንቱ ተከተለው። ቅዳሜ ገበያን ዞርን፤ አጣን። አባቱ ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ተማሪ አለን። በማግስቱ የመንጠቆ ናይለን ይዞ መጣ። በጥንቃቄ አሰረው፣ ወጠረው፣ እንዲያውም ሊቃኝ ትንሽ ነው የቀረው። አምፑን ከፈትን። አምስቱ ክሮች ጮኹ። ናይለኑ ግን ይርገበገባል እንጂ ከአምፑ ምንም አይወጣም።

የፊዚክስ መምህሩን ጠራናቸው። ከኪሳቸው ወረቀት ማያያዣ አውጥተው ከክሮቹ ሥር ወዳለው ፒክአፕ አስጠጉት። ጥብቅ ብሎ ተያዘ። ውስጡ ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ይረብሸዋል፤ በዚህ ጊዜ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነገር ነው። ናይለን ለማግኔት ደንታ የለውም። ባለ ክራሩ ልጅ ወዲያው «የናይለን ክር ያለውን ክራርስ አምፕ ላይ ማውጣት አይቻልም?» አለ። ይቻላል፤ የእንጨቱን ንዝረት የሚለቅም ሌላ ዓይነት ፒክአፕ አለ። የሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሥራ ይሄ እንዲሆን ተስማምተናል። ክሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት በአምስት ክር ተጫወትን።

ትምህርቱን በኮርድ፣ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ በመምታት፣ አልጀመርኩም። ጀማሪ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቀድሞ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ ላ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። 5ኛው ፍሬት ላይ ይጀምራል፣ በእያንዳንዱ ክር ሁለት ሁለት ድምፅ፤ እጅ ከቦታው አይነቃነቅም። ድምፆቹ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ናቸው። አሁን ከዶ ጀምሯቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ሜጀር ነው። ወፍራሙ ክር 8ኛ ፍሬት ላይ ዶን ታገኟታላችሁ። ይህን ቀስ ብዬ ስጫወት ባለ ክራሩ ልጅ አንገቱን ቀና አደረገ። ምንም ሳይናገር ክራሩን አነሣ፣ ከጊታሩ ዶ ጋር ቃኘው፣ ገባ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ በኋላ የሮሃ ባንድን ሥራዎች፣ በተለይ የሰላም ስዩምን ጊታር እንዲያዳምጡ ነገሯቸው። ያን ሳምንት ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሌላ ነገር አልነበረም።

በሰንደቅ ዓላማ ቀንና በመምህራን ሽኝት ላይ ድምፅና ክራር አቅርበናል። የወላጆች ቀን ላይ ጊታሩ ወጣ። ሁለተኛው ዜማ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ማይክሮፎኑ ሞተ። በባትሪ የሚሠራው አምፕ ቀጠለ። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች ወንበራቸውን ትተው ወደ ፊት መጡ፤ ልጆቹን ከብበው ቆመው ሰሙ። ጊታሩን የያዘችው ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረች።

ዓመቱን በጊታር የጨረሱት 16 ልጆች ናቸው። ከተዉት 11 ስምንቱ ተመልሰዋል።

ክረምት ሊገባ ነው፤ የሐይቁ እርጥበት ክር ያዝጋል። ጊታሩ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ልምምድ አለ። የምትመጡ ልጆች እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፤ ስትጨርሱ ስድስቱንም ክር ከላይ እስከ ታች ጥረጉ። ትርፍ ክር አሁን አራት እሽግ አለን።